ጥምዝን ከመፈጨቱ በፊት እንወቀው

ይህ ጽሑፍ ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ የካ አባዶ በሚገኘው የእድራችን አዳራሽ የተናገርኩት ነው። ልጅ ይዘው፣ ለቅሶ ቤት ሆነው ወይም ሥራ ላይ ውለው ያልመጡ ጎረቤቶች "ጻፊልን" ስላሉኝ በቃል ያልኩትን እንዳለ አስፍሬ፣ ከአዳማጮች የሰማሁትንም ጨምሬበታለሁ።

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ወደ ንግግሩ ከመግባቴ በፊት ይህች ሰሃን ትዙር። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ፍሬ አንሱ። ገና አትቅመሱት። መጀመሪያ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት።

የሌባ ጣትን የላይኛውን አንጓ ያህላል። ጥቁር ቡናማ ነው፣ ሻካራ ነው፣ አንዳንዱ ትንሽ ጎበጥ ብሏል። ቀረብ አድርጋችሁ ስታዩት ግን አንድ ፍሬ አለመሆኑን ትደርሱበታላችሁ። መሐሉ ላይ ቀጭን እንጨት መሳይ ዘንግ አለ፤ በዙሪያው ጥቃቅን ፍሬዎች በቆሎ ቆረቆንዳው ላይ እንደሚደረደረው ተጠጋግተው ተሰክተዋል። እንግዲህ በያዛችሁት በአንዱ ውስጥ በርካታ ፍሬዎች አሉ ማለት ነው። አሁን ከመሐል ስበሩት፤ ቀጭ ካለ ደረቅ ነው። የተሰበረውን ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉ። መጀመሪያ የሚመጣው ጭስ ነው። ጭሱ ሲያልፍ ጥድ የሚመስል ሽታ ይከተላል። ቆየት ብሎ ደግሞ ዝናብ የጣለበት የጫካ አፈር ይሸታል።

ይህ ጥምዝ ነው። እዚህ ካላችሁት ታላላቆች ስሙን የማያውቅ የለም። ባልትናዬ ከሚመጡት ወጣት ሙሽሮች ግን ብዙዎቹ ስሙን ያውቁታል እንጂ መልኩን አይተውት አያውቁም። መከለሻውን ተፈጭቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ስለሚገዙት ውስጡ ምን እንዳለ የሚነግራቸው የከረጢቱ ጽሑፍ ብቻ ነው። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው። ባልትና ከመክፈቴ በፊት አሥራ አራት ዓመት መድኃኒት ቤት ሠርቻለሁ። በሁለቱም ሥራ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ሰው የማያውቀውን ነገር መጠኑን አያውቅም። ጥምዝ ደግሞ መጠኑ መታወቅ ያለበት ቅመም ነው፤ በድስት ውስጥም፣ በሽተኛ አልጋ አጠገብም።

እስቲ ከቤቱ እንጀምር። የባለቤቴ ዘመዶች ቦንጋ ስላሉ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሠርግ ሄደን ነበር። ቦንጋ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሠርጉ ካለፈ በኋላ የቤቱ እናት "የምትሸጪውን ቅመም በእግሩ ላሳይሽ" ብለው ወደ ጫካ ይዘውኝ ወጡ። ትልልቆቹ ዛፎች ከላይ ገጥመው ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኗል። ከሥራቸው ቡና አለ፤ ከቡናው ሥር ኮረሪማ አለ፤ በኮረሪማውና በቡናው መሐል ደግሞ ጥምዝ ይንጠላጠላል። ሐረግ ነው እንዳልል ራሱን ችሎ የቆመ ግንድ አለው፤ ቁጥቋጦ ነው እንዳልል ያገኘውን ዛፍና ቅርንጫፍ ተደግፎ ይወጣል፣ ይሳባል። ግንዱ እንደ ጣት አንጓ አንጓ አለው፤ አንጓዎቹ ያበጡ ናቸው። እርጥብ መሬት የነካው አንጓ እዚያው ሥር ይሰዳል። ቅጠሉ ሰፊ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ነው፤ ጅማቶቹ ከአንገቱ ተነሥተው ወደ ጫፍ ይጓዛሉ። ፍሬው የሚወጣው ከቅጠሉ ተቃራኒ በኩል ሆኖ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያን ጊዜ አረንጓዴ ነው። እናትየዋ አንድ ቅጠል ቀጥፈው በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫዬ ላይ አደረጉልኝ። በዓመታት ሁሉ በጆንያ የገዛሁትን ቅመም ገና ያኔ የተዋወቅሁት መሰለኝ።

ሽታው ላይ ያለውን ጭስም እዚያው አገኘሁት። ጫካው ዝናባም ነው፤ ፀሐይ ላይ ብቻ ማድረቅ አይታመንም። ስለዚህ የተለቀመው ፍሬ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ይሰጣል። በታች ቡናው ይፈላል፣ ቆጮው ይጋገራል፤ በላይ ጥምዙ በጭስ ይጠቁራል። ጭሱ ያደርቀዋል፣ ከነቀዝም ይጠብቀዋል። እኛ ወጥ ውስጥ "የጥምዝ ጣዕም" የምንለው ግማሹ የዚያ ቤት ጭስ ነው።

በካፋ ስሙ ቱርፎ ነው፤ በኦሮምኛ ቱንጆ ይባላል። የሳይንስ ስሙ ፓይፐር ካፔንሴ ነው። ካፔንሴ የተባለው ኬፕ በሚባለው የደቡብ አፍሪካ አካባቢ ስም ነው፤ ስሙን ያወጣው የታላቁ የዕፅዋት ሊቅ የሊኔየስ ልጅ ነበር። ተክሉ ከእኛ ደን ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ በምዕራብ እስከ ጊኒ በእርጥብ ደኖች ይገኛል። ፓይፐር የሚባለው ወገን እጅግ ሰፊ ነው፤ ከሁለት ሺህ በላይ ዝርያ አለው። ከህንድ ማላባር የመጣው ቁንዶ በርበሬ ከዚሁ ወገን ነው። ብዙ ሰው ከጥምዝ ጋር የሚያምታታው የህንዱ ረጅም ቁንዶ በርበሬም ዘመዱ ነው፤ ሆኖም ራሱ ጥምዝ አይደለም።

ጥምዝ በአፍሪካ ምድር አንድ ሌላ የቅርብ ዘመድ አለው፤ ስለ እሱ ጥቂት ልበል። ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ የሚበቅለው የአሻንቲ በርበሬ የሚባለው ነው። እሱ ሙሉ ሐረግ ነው፤ ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ብዙ ሜትር ይወጣል። ፍሬው ቁንዶ በርበሬ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ ፍሬ ቀጭን ጭራ አለው። የናይጄሪያ ኢግቦዎች ኡዚዛ ይሉታል፤ ፍሬውንም ቅጠሉንም ሾርባ ውስጥ ይጨምራሉ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1486 ከቤኒን መንግሥት ይህን ባለ ጭራ በርበሬ ወደ አገራቸው ወስደው ነበር። መርከበኛቸው ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ህንድ ከደረሰና የህንዱ በርበሬ በመርከብ መምጣት ከጀመረ በኋላ ግን የራሳቸው ንግድ እንዳይነካ የአፍሪካውን ከለከሉት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ጣዕሙ አንሶ አይደለም የተረሳው፤ ለሌላ ነጋዴ ስላልተመቸ ነው።

ስለ ኡዚዛ ልቤን የነካው ሌላ ነገር አለ። ደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ውስጥ አራስ ሴት የምትጠጣው የሚያቃጥል ሾርባ ውስጥ ይገባል። እኛ አራስ ስንጠይቅ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ እናቀርባለን። ሁለቱም ሕዝብ ሳይመካከር የወለደችን ሴት በትኩስና በሚያቃጥል ምግብ ማጠንከር መረጠ። መሐላቸው ያለው ርቀት ግማሽ አህጉር ነው፤ ሐሳባቸው ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ማጀት። ቀዩን በርበሬ ዛሬ ከኢትዮጵያ ምግብ ነጥሎ ማሰብ ይከብደናል። ግን እሱ እንግዳ ነው፤ ትውልዱ አሜሪካ ነው፤ ወደ አፍሪካና እስያ መስፋፋት የጀመረው ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከተሻገረ በኋላ ነው። ጥምዝ ግን ከራሳችን ደን የበቀለ ማቃጠል ነው። በርበሬ ሲደለዝ ጥምዝ ሲገባበት፣ አሮጌው እሳት አዲሱን እሳት ደገፈው እላለሁ። እናቴ ለአንድ ፈረሱላ ዛላ በርበሬ ሩብ ኪሎ ጥምዝ ታደርግ ነበር። እኔም በዚያው እቀጥላለሁ። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ወጡ ይመራል።

ይህን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። ባልትናውን በከፈትኩበት ዓመት ለአንዲት ደንበኛ በርበሬ ስደልዝ ጥምዙን እጥፍ አደረግሁት። በጎ መሥራቴ መስሎኝ ነበር። በርበሬው ሲቀመስ መጀመሪያ ምንም አልነበረውም፤ ቁሌቱ ላይ ሲገባ ግን መራራነቱ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴትየዋ በርበሬዋን ይዛ መጣችና አንድም ቃል ሳትናገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። በሌላ ዛላ እንደገና ደልዤ ተካሁላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥምዝን በዓይን ግምት አልጨምርም፤ እመዝናለሁ።

የጥምዝ ዋና ቦታው ግን መከለሻ ነው። የኔን ልንገራችሁ፤ የእናንተ ቤት የተለየ ከሆነ የእናንተ ለእናንተ ትክክል ነው። አራት የሾርባ ማንኪያ ጥምዝ፣ አራት ማንኪያ የተፈለፈለ ኮረሪማ፣ ሁለት ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ቅርንፉድና ቀረፋ፣ ገውዝ ደግሞ በቢላ ጫፍ። ጥምዙን ለብቻው እመሱት። ከሌላው ጋር አንድ ላይ ምጣድ ላይ ከጣላችሁት አዝሙዱ ሲያርር ጥምዙ ገና አልሞቀም፤ ወፍራም ነውና ጊዜ ይፈልጋል። እሳቱ ለስለስ ያለ ይሁን። ሽታው ክፍሉን ሲሞላ አውርዱ፤ መልኩ እስኪለወጥ አትጠብቁ። ከዚያ ሙቀጫ። በኤሌክትሪክ መፍጫም ይሆናል፤ ሙቀጫው ግን መሐሉ ያለውን ዘንግ ከፍሬው ይለይላችኋል። ከተወቀጠ በኋላ በወንፊት ንፉት። ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን ጭረት አትድፉት። በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ቋጥራችሁ ቅቤ ስታነጥሩ ድስቱ ውስጥ ጣሉት፤ ቅቤው ከኮሰረቱና ከበሶብላው ጋር የእሱንም ሽታ ይይዛል።

መከለሻ ለምን በመጨረሻ ይገባል? እናቶቻችን ሲያደርጉት የነበረው በቂ ምክንያት አለው። ጥምዝ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሽታው ነው፤ በቶሎ የሚተን ዘይት ነው። ወጡ ሲፈላ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ጎረቤት "ዛሬ ምን ሠራሽ" ብሎ የሚጠይቀው ያ የወጣው ዘይት ደርሶት ነው፤ ከድስቱ ግን ጎድሏል። ስለዚህ ለአንድ ዶሮ ወጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ መከለሻ ከማውረዳችሁ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ይግባና ክደኑት።

ሁለተኛው ማቃጠሉ ነው። እሱ አይተንም። ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥለው ፓይፐሪን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ጥምዝ ውስጥም እሱና ዘመዶቹ ተገኝተዋል። ፓይፐሪንን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቁንዶ በርበሬ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1819 ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ነው። ይኸው ሰው በማግሥቱ ዓመት ኤሌክትሪክ የኮምፓስ መርፌን እንደሚያዞር ያስተዋለው ነው። ፓይፐሪን ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ አንድ ሊትር ውሃ 40 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ይይዛል። ስብ ውስጥ ግን ይሟሟል። በውሃ ብቻ የተፈላ ጥምዝ ሽታ እንጂ ማቃጠል የማይሰጠው ለዚህ ነው። በጾም ስትሠሩ ጥምዙን ከፈላው ውሃ ላይ አትጣሉት፤ ዘይቱ ከሽንኩርቱ ጋር ሲቁላላ ግማሹን እዚያ ላይ አድርጉ፣ ግማሹን ለመጨረሻ አቆዩት።

አሁን ፍሬውን ቅመሱ። ግማሹን ብቻ። (እዚህ ላይ አዳራሹ ጥቂት ደቂቃ ዝም አለ።) መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፣ አይደል? ከዚያ ዘግየት ብሎ ከምላስ ሥር ይነሣል። ሚጥሚጣ እንደሚለበልበው አይለበልብም፤ ሞቅ ያደርጋል። ሁለቱም የሚነኩት ግን አንዱን ደወል ነው። በነርቮቻችን ላይ ሙቀትን የሚያስታውቅ አንድ ተቀባይ አለ። ሚጥሚጣውም፣ ጥምዙም፣ የሚፋጅ ሻይም ይህንኑ ይነካሉ። ያንን ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኙት የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ ሰዎች ናቸው፤ እሱም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። "አፌ ተቃጠለ" ስንል እንግዲህ ነርቫችን በእርግጥ እሳት ነው ብሎ ነው የሚነግረን።

ስለ አልጫ አንድ ነገር ልጨምር። እርድ ያለበት አልጫ ላይ ቁንዶ በርበሬ ወይም ጥምዝ ጣል የምታደርጉ እናቶች አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 የህንድ ተመራማሪዎች ሰዎች ላይ ሞክረው ነበር። የእርድን ዋና ንጥረ ነገር ሁለት ግራም ብቻውን የወሰዱ ሰዎች ደማቸው ውስጥ የተገኘው ከቁጥር የማይገባ ነበር። 20 ሚሊ ግራም ፓይፐሪን ሲጨመርበት ሰውነት የተቀበለው መጠን በ2,000 በመቶ ጨመረ። ፓይፐሪን ጉበትና አንጀት ባዕድ ነገርን የሚያስወግዱበትን ሥራ ስለሚያዘገይ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ አሁን ወደ መድኃኒቱ ስገባ እመለስበታለሁ፤ እዚያ የሚያስደስት ብቻ አይደለምና።

በደቡብ ምዕራብ ጥምዝ ለሆድ ቁርጠት፣ ለሳል፣ ለጉንፋን ይሰጣል። ቦንጋ ያሉት እናት ለሆድ ቁርጠት ሁለት ሦስት ፍሬ ወቅጠው ከማር ጋር ያደርጉታል። የሚያቃጥል ነገር ምራቅን ያበዛል፣ አፍንጫን ይከፍታል፣ ላብ ያወጣል፣ ሆድን ያሞቃል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሞቅ ያለ የጥምዝ ሾርባ ሲጠጣ ቀለል የሚለው በምኞት ብቻ አይደለም። ግን ጉንፋኑን አላዳነውም፤ ጉንፋኑ በቀኑ ይሄዳል፤ ሾርባው እስከዚያ አግዞታል። ይኸው ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚህ በላይ ካልጫንበት።

ከዚህ በላይ እየጫንበት መሆኑ ነው የሚያሳስበኝ። የአንድ ተክል ጭማቂ በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ ተሕዋስያንን ገደለ ሲባል ሰው ሰምቶ "ጥምዝ ካንሰር ያድናል፣ ስኳር ያጠፋል" ብሎ ያሰራጫል። ብርጭቆ ውስጥ ተሕዋስያንን የሚገድል ብዙ ነገር አለ፤ በረኪናም ይገድላል። ከብርጭቆው እስከ ሰው ደም ያለው መንገድ ረጅም ነው። መድኃኒት ቤት ሳለሁ በእጃቸው ማዘዣ የያዙ ሰዎች "ይህን ልተወውና ቅመሙን ብሞክርስ" ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ቅመሙን በወጥዎ ይብሉ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይዋጡ።

የገዛ አጎቴን ነገር ልንገራችሁ፤ ቤተሰቡ ፈቅዶልኛል። አጎቴ የሚጥል በሽታ ስላለበት ለዓመታት ፌኒቶይን ይወስድ ነበር፤ ደህናም ነበር። አንድ ክረምት ጉልበቱ ደከመና ልጁ "ያበረታዋል" ተብላ በየማለዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ የተፈጨ ጥምዝ በማር ትሰጠው ጀመር። ከሦስት ሳምንት በኋላ አጎቴ ሲራመድ ይንገዳገድ ጀመር፤ ቃሉ ይጎተታል፤ ዓይኑ አንድ ቦታ አይረጋም። ሐኪም ቤት ተወሰደ። ሐኪሙ "ከመድኃኒቱ ሌላ የሚወስደው ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም "የለም" አልን። እኔም አብሬ "የለም" አልኩ። ጥምዝ ለማናችንም መድኃኒት ሆኖ አልታየንም፤ የማጀት ነገር ነው። ማታ ቤት ገብቼ ማንኪያውን ማሩ ማሰሮ ውስጥ ሳየው ነው የደነገጥኩት። ፓይፐሪን የፌኒቶይንን፣ ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠውን የፕሮፕራኖሎልን፣ ለአስም የሚሰጠውን የቴዎፊሊንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ እንደሚያደርግ በሰዎች ላይ ታይቷል። መንገዳገድና የዓይን መዋለል ደግሞ ፌኒቶይን ከመጠን ሲያልፍ የሚታይ ምልክት ነው። ይህን ከሁላችን በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በማግሥቱ ጠዋት ሄጄ ለሐኪሙ ነገርኩት፤ ጥምዙም ቀረ፣ የመድኃኒቱም መጠን ተስተካከለ፤ አጎቴ እየተሻለው ሄደ። ጥፋተኛው ጥምዝ ነው ልላችሁ አይደለም የመጣሁት። ለሐኪሙ ያልተነገረው ማንኪያ ነው የሚያስፈራኝ።

እና እባካችሁ፣ ሐኪም ሲጠይቃችሁ ማጀታችሁንም ንገሩት። በወጥ ውስጥ የሚገባው ቁንጥር ሌላ ነው፣ በማንኪያ የሚዋጠው ሌላ ነው። የሚጥል በሽታ፣ የልብ፣ የአስም ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥምዝን በምግብ ልክ ብቻ ይብላ። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። ሳል ደግሞ ሁለት ሳምንት ካለፈው የጥምዝና የማር ጉዳይ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ ማስመርመር ነው። ጥምዝ ሳሉን ሸፋፍኖ ሳንባ ነቀርሳን ለወራት ሲያስደብቅ አይቻለሁ። ለሕፃናትም ልለምናችሁ፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ ያለ ተሕዋስ በጨቅላ አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። የተፈጨ ጥምዝም ትንታ ያመጣል። የሕፃን ሳል የእናት ጡትና ሐኪም ነው የሚፈልገው።

አሁን ለምን ሙሉውን ግዙ እንደምል ትረዱኛላችሁ። ተፈጭቶ የመጣ መከለሻ ውስጥ ጥምዙ ስንት እጅ እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ የተፈጨ ጥምዝ በርካሽ ገዝቼ ነበር። ውሃ ላይ በተንኩት፤ ግማሹ ሰመጠ፣ ግማሹ እንደ ገለባ ተንሳፈፈ፤ በጣቴ ሳሸው ደግሞ የባቄላ ገለባ ሆነብኝ። የጠፋው ገንዘቤ ብቻ አልነበረም፤ ያን መከለሻ የሸጥኩላቸው ሰዎችም ነበሩ። አንድ በአንድ ጠርቼ መለስኩላቸው። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ብቻ ነው የምገዛው፤ ሲገዙኝም ዓይናቸው እያየ ነው የምፈጭላቸው።

ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። አንዱን ስበሩት፤ ቀጭ ይበል፣ አይጎንበስ። የሚጎነበስ ከሆነ እርጥብ ነው። እርጥብ ጥምዝ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ እንደነዚህ ያሉ ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ይሠራሉ፤ መርዙ ደግሞ በመቀቀልም በማመስም አይጠፋም። ጠርጎ መጠቀም አይሠራም፤ ይጣል። ደህናውን በጠርሙስ አድርጋችሁ ከብርሃን አርቁት። ፓይፐሪን ብርሃን ሲያገኘው ቅርጹ ይለወጥና ማቃጠሉን ያጣል። የመስኮት መደርደሪያ ላይ ለውበት የተደረደሩ የቅመም ጠርሙሶች ያሳዝኑኛል፤ ቀስ በቀስ ሣር እየሆኑ ነው።

ስለ ደኑም እንዲሁ አላልፍም። ጥምዝ እርሻ ላይ ሳይሆን በአብዛኛው ጫካ ውስጥ የሚለቀም ነው። ዩኔስኮ የካፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን በ2012 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቧቸዋል። ሆኖም ደኑ ሳይቆረጥም ጥምዝ ሊጠፋ ይችላል። ቡናው ብዙ እንዲያፈራ ሥሩ ሲመነጠር፣ ቁጥቋጦውና ሐረጉ ሲጸዳ ጥምዙም አብሮ ይጸዳል። ከላይ ሲታይ ዛፉ አለ፤ ደን ነው ይባላል፤ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። ለጥምዝ ጥሩ ዋጋ የሚከፍል ገዢ ካለ ለቃሚዋ ሴት ሐረጉን ትጠብቀዋለች። እኛ የከተማ ዳር ሰዎች ሙሉውን ፍሬ ጠይቀን ስንገዛ ያ ዋጋ ተፈልጎ ይመጣል።

ጥያቄ ላይ ስደርስ መጀመሪያ የተነሡት ከኋላ የተቀመጡ እናት ነበሩ። "ልጄ፣ እኛ ጅማ ሳለን ቡና ላይም ጣል እናደርግ ነበር፤ እሱን ረሳሽው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሁለት ፍሬ ወቀጥ አድርጎ ጀበና ውስጥ፤ ከጤና አዳም ጋር ግን አይሄድም፣ ሁለቱ ይጣላሉ አሉ። በማግሥቱ ሞከርኩት፤ ልክ ናቸው፤ ለብቻው ይሻላል።

ሌላ ወጣት ደግሞ "እዚህ የካ አባዶ ይበቅላል ወይ?" ብሎ ጠየቀ። ሜዳ ላይ አይሆንም። ጥምዝ ጥላና እርጥበት ይፈልጋል፤ እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፣ በጋውም ደረቅ ነው። ግን ከቦንጋ ስመለስ አንድ ቁራጭ ግንድ ሁለት አንጓ ያለው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አምጥቼ ነበር። በአሮጌ ባልዲ ኮምፖስት ሞልቼ አንዱን አንጓ አፈር ውስጥ ቀበርኩት። በረንዳው ላይ ፀሐይ በማያገኘው ጥግ፣ የወጥ ቤቱ እንፋሎት በሚወጣበት በመስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። የመጀመሪያው ታኅሣሥ ላይ ቅጠሎቹ ጠቁረው ረገፉ፤ ሞተ ብዬ ነበር። በሚያዝያ ከአንጓው አቆጠቆጠ። ከዚያ ወዲህ ብርድ ሲመጣ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገባዋለሁ። እስካሁን አንድ ፍሬም አልሰጠኝም።

ያን ባልዲ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ በሩ ጋ ያለው ነው። ስትወጡ ቅጠሉን ሳትቀጥፉ በጣታችሁ ዳበስ አድርጉትና ጣታችሁን አሽቱት። ሰባት ቅጠል ነው ያለው።